የማን ለቅሶ?

አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ወርጄ የሰመራ ሚኒባስ ስፈልግ፣ አገርሽ ነው ወደተባልኩት አገር ከገባሁ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም የወደድኩት ነገር አልነበረም።

ትልቁ ችግር ይህ አገር መጠየቅ መውደዱ ነው። ውሃ የሸጠችልኝ ሴት መልሴን ሳትሰጠኝ «ከየት ነሽ?» አለችኝ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያው ላይ እየጫነ «ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ጥላው ስር አጠገቤ የቆመች አንዲት እናት ደግሞ ስሜን እንኳ ሳታውቅ «አግብተሻል?» ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ልመልስላት የፈለግኩት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል ብዬ ዋጥኩት።

እኔ ጅዳ ተወልጄ ጅዳ ነው ያደግኩት። ቤታችን ውስጥ ኢቃማ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የምታድግ ልጅ ደግሞ ከማውራት በፊት ዝም ማለትን ትማራለች። ጎረቤት ስሜን አያውቅም ነበር። አማርኛ እናቴ በር ቆልፋ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋ የምታወራው ቋንቋ ነበር። ቦሌ ስወርድ አንድ ፖሊስ በአማርኛ ሲጮህ ሰምቼ ክው አልኩ፤ የቤታችንን ሚስጥር ያወጣብን መሰለኝ። እዚህ በአማርኛ ይሰዳደባሉ፣ በአማርኛ ቲማቲም ይሸጣሉ፣ ግድግዳ ላይ በአማርኛ መሽናት ክልክል ነው ብለው ይጽፋሉ። ሁሉም ይገባኛል፤ ሰዉ ግን አይገባኝም።

እናቴ ሰዓዳ ለጥያቄ አንድ መድኃኒት ነበራት። «ማንም የት ትሄጃለሽ ካለሽ ለቅሶ ነው በይ። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማንም አያስቸግርም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የታክሲ ሾፌር፣ የሕንፃ ዘበኛ፣ ወሬ የሚወድ ባለሱቅ፣ ሁሉም ይህን ሲሰማ «አላህ ይርሐመው» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈኛል። ስንት ሰው እንደገደልኩ እኔም አላውቀውም።

ወደ ሰመራ የምሄደው አባቴን ፍለጋ ነው። ካሚል ይባላል። ጅዳ ላይ ይዘው ወደ አገሩ የመለሱት አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ሰመራ ጎማ ቤት ከፍቻለሁ፣ የጅቡቲ መኪና ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚቆመው ይለን ነበር። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ቁጥሩን ሌላ ሰው አነሳው። ከዚያ ዝም አለ። እናቴ «ሞቶ ነው እንጂ ካሚል እንዲህ አይጨክንም» ብላ ሰደቃ አወጣችለት። እኔ ግን ሞቷል ብዬ አላመንኩም። ተናድጄ ነው ያደግኩት።

በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ከሥራ ስመለስ ያዙኝ፤ ተርሂል በሚሉት የተባራሪዎች እስር ቤት አቆይተው በአውሮፕላን ጫኑኝ። እናቴ እዚያው ቀረች። እዚህ አገር ውስጥ በስም የማውቀው ሰው አንድ እሱ ነው፤ እሱም መኖሩን፣ ቢኖርም እኔን መፈለጉን አላውቅም። ካልተቀበለኝ ዛሬ የማድርበት የለኝም። ለዚህ ነው ከቦሌ ጀምሮ እግሬ አንድ ቦታ ረግቶ የማይቆመው።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል አንድ ሽርጥ ያገለደሙ አፋር ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ስማቸው መሀመድአሚን እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ሊገቡ ሲሉ አንድ የሚያውቁት ሰው መጣና እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ተጎንብሰው እጅ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ወሬ ጀመሩ። አንዱ ያወራል፣ ሌላው «እ» እያለ ይሰማል። ሲጨርስ ደግሞ ሌላው ያወራል። ፀሐይዋ ትጋግረናለች፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እንኳ አይነፋም።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ያችው አግብተሻል ያለችኝ ሴት ነች። ማሚት ትባላለች፤ ዱብቲ ለእርሻ ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ነች። «ዳጉ ነው» አለችኝ። «አፋር ሰው ሲያገኝ ያየውንም የሰማውንም ሳያስቀር ይነግራል። ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ።»

«ሾፌሩስ ለምን ዝም ይላቸዋል?»

«ነገ እሱም መንገዱ ሰላም መሆኑን መስማት ይፈልጋላ!»

እኔ በልቤ ወሬኞች አልኩ። ሽማግሌው ገብተው ከፊቴ ተቀመጡ። አዋሽን ገና ሳንለቅ ዞር ብለው በደንብ አዩኝ።

«ልጄ፣ ከየት መጣሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጥያቄ! ቦሌ ላይ ጠይቀውኛል፣ የስደተኛ ማረፊያው ላይ ጠይቀውኛል፣ አውቶቡስ ውስጥ ጠይቀውኛል። በቃኝ።

«ለቅሶ ነው የምሄደው» አልኩ።

ጅዳ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ሚኒባሱ ሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ውይ! የማን?» አለች ማሚት።

«መቼ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ሰመራ ማን ሞቶ ነው እኛ ያልሰማነው?» አለ ሾፌሩ ዘፈኑን እየቀነሰ።

ለካ እዚህ ለቅሶ አፍ አይዘጋም፤ ይከፍታል። ማን እንደሞተ ሳያውቅ ዝም የሚል ሰው እዚህ ነውረኛ ነው፤ አውቆ መድረስ አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም።

«የአባቴ» አልኩ።

«አባትሽ ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

ማንኛውንም ስም መጥራት እችል ነበር። ግን ያ ስም ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ኖሯል፣ ሲጠይቁኝ እሱው ወጣ። «ካሚል። ጎማ ቤት ያለው።»

ማሚት ደረቷን መታች። «ካሚል ጎሚስታው? የወሎው ካሚል? ኧረ እኔን! ባለፈው ሳምንት ሲስቅ አይቼው! ሲያሾፍብኝ!»

አለ ማለት ነው። አባቴ አለ፣ ሰመራ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሲስቅ ነበር። መኖሩን የሰማሁት ሞቷል ባልኩበት ትንፋሽ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር እናቴ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አዋሽ አርባን ስናልፍ ገባኝ።

መሀመድአሚን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ስልካቸውን አወጡ። በአፋርኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ መሃል ላይ ግን «ካሚል» ሲሉ ሰማሁ። ዘግተው ሌላ ቁጥር ደወሉ። እዚያም «ካሚል» አሉ።

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አሁን ተናገሪ፣ ዋሽቼ ነው በይ። ሌላውን ለመናገር አፌ ሰፊ ነው፤ ለይቅርታ ሲሆን ግን ይጠባል። ገዋኔ ለምሳ ስንቆም ማሚትን ወደ ጎን ሳብኳትና «አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

«ተይ፣ ምንም አትናገሪ» አለችና አቀፈችኝ። «አልቅሺ። እንባሽ ደርቋል እኮ።» ከዚያ በግድ አጎረሰችኝ። ከማላውቀው ሰው እጅ ስበላ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ሾፌሩ ተሳፋሪውን አጣድፎ አስነሳ፤ ለቀስተኛ ይዘን እንዴት እንቆያለን አለ።

መንገዱ አላልቅ አለ። ከባድ መኪኖች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ግመሎች አስፋልቱን ሞልተው ይሻገራሉ፣ ሰዉ ሙቀቱን ያማርራል። ሙቀቱን የማላማርረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከጅዳ ተከትሎኝ የመጣ ነገር ቢኖር እሱ ነው። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እንደገና እከፍታለሁ። የፈለገው ይሁን፣ ሰመራ ስንደርስ አባቴ ቆሞ ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ እኔም አፍሬ ያልቃል አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ?

የእኔ ግን እየከበደ ሄደ። ሚሌ ኬላ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት በመስኮቱ ብቅ አለችና «የካሚል ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። መኪና ተገልብጦበት ነው አሉ።»

እኔ መኪና አላልኩም።

ከሚሌ እስከ ሎጊያ ይህንን አላመጥኩ። እኔ ሞተ ነው ያልኩት። መኪና የሚለውን ማን ጨመረው? ማሚት የካሚልን ስልክ ሞክራ «አይሰራም» አለች። ሾፌሩም ሞክሮ «አይሰራም» አለ። በአፌ የጠራሁት መጥቶ ይሆን?

ሰመራ ስንደርስ ሚኒባሱ መነኻሪያ አልገባም። ሾፌሩ ማንንም ሳያማክር በቀጥታ ወደ ጎማ ቤቱ ነዳው፤ ተሳፋሪውም አላጉረመረመም፣ ጭራሽ አብሮኝ ወረደ። በሁለት አሮጌ ኮንቴይነሮች መሃል የከባድ መኪና ሸራ ተወጥሯል። ወንዶቹ ፊታቸውን ጥለው በተደራረቡ ጎማዎች ላይ ተቀምጠዋል። ከወዲያ በኩል ሴቶች ያለቅሳሉ። ከመሃላቸው አንዲት ፊቷ በለቅሶ ያበጠ ሴት ተነስታ ሮጣ መጣችና ሁለት እጄን ያዘችኝ።

«የት ነው ያለው? ሬሳው የት ነው? ሁሉም አላውቅም ይለኛል፣ አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ!»

«አንቺ ማነሽ?»

«ሚስቱ ነኛ! ፋሪሃ ነኝ!»

ከኋላዋ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። ግንባሯ የእኔ ግንባር ነው። የአባቴ ስልክ መቼና ለምን ዝም እንዳለ ያኔ ገባኝ፤ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

መናደድ ነበረብኝ። ለዚህ ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት ነበረኝ። ግን ሴትዮዋን አየኋት፤ ሚስት በሐሰት እንዲህ አታለቅስም አልኩ። ሸራው ተወጥሯል፣ ስልኩ አይሰራም፣ ሚሌ ላይ መኪና ብለዋል። እነሱ ከእኔ ሰምተው ያለቅሳሉ፤ እኔ ደግሞ እነሱን አይቼ አመንኩ። «አባዬ» አልኩ። ከልጅነቴ ወዲህ ያልጠራሁት ስም ነው። ሰው ፊት፣ መንገድ ዳር፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ በአማርኛ አለቀስኩ።

ሴቶቹ ከበቡኝ። ማሚት «እንዲህ ነው፣ አውጪው» እያለች ጀርባዬን ታሸኛለች። በዚህ መሃል መሀመድአሚን ተነስተው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሰዉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ይህን ወሬ ወደ ሰመራ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሬሳ ካልተገኘ ወሬዬ ጎደሎ ነው። ሲሞት ማን አየ?»

ማንም አላየም።

«መኪና ተገለበጠ ያለው ማነው?»

አንድ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሾፌር «ሎጊያ ሰምቼ ነው» አለ። ጎኑ ያለው «ሎጊያ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሚሌ ነው የሰማሁት» አለ። ሚሌ የነገረው ሰው ደግሞ እዚያው ነበር፤ «ካሚል ጎማ ሊሠራ በጅቡቲ መንገድ ወደ ዲቾቶ ወጥቷል ሲባል ሰማሁ፣ ሞተ ሲባልም ሰማሁ። እንግዲያው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነዋ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሞተ የሚለውንስ?»

«ከእርስዎ ዘንድ ነው የመጣው አባባ።»

«ልክ ነው። ከእኔ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ከእሷ።» ዞረው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ልክ አዋሽ ላይ እንዳዩኝ ነው። «አንቺስ ልጄ? አንቺ ከማን ሰማሽ?»

ለዚህ ጥያቄ እናቴ መድኃኒት አልሰጠችኝም።

«ከማንም አልሰማሁም» አልኩ። «ራሴ ነኝ ያልኩት። እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው።»

ማሚት እጇን ከጀርባዬ ላይ አነሳች።

«አልሞተም?» አለች ፋሪሃ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም! ይኑር ይሙት ስንት ዓመት ሙሉ አላውቅም! እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት!»

ከዚያ ጩኸት ሆነ። አንዱ አውጧት አለ፣ አንዷ ረገመችኝ፣ አንዱ ጤነኛ አይደለችም አለ። ቦርሳዬ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ፤ አሁንም ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ነው። ልሮጥ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። ፋሪሃ እጄን አልለቀቀችም። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ መሃል ከጉያዋ ስልክ ጮኸ።

አውጥታ አየችው። «ካሚል» ይላል። ልታነሳው ሞክራ አቃታት፣ ጣቷ እንቢ አላት፤ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«አንቺ ገደልሽው፤ አንቺው አንሺው!»

አነሳሁት።

«ፋሪሃ!» አለ አባቴ። ድምፁ ያው ነው፣ ትንሽ ሻክሯል። «ምንድነው ይሄ ጉድ? ከዲቾቶ ወጥቼ ኔትወርክ ከማግኘቴ ሰው ሁሉ ሞተሃል ወይ ይለኛል! ለለቅሶህ ልጅ መጥታለች ይሉኛል! ማነው ያወራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«ሂያም።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ።

«ሰው ሲጠይቅሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ለቅሶ ነው የምሄደው አልሽ?»

«አዎ።»

«ያ ረቢ። እናትሽን ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ እኮ።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። «ጅዳ ነው የሚሠራው ልጄ። እዚህ አገር እንኳን የሞተ ያልሞተም ይለቀስለታል።»

«ለምን አልደወልክም?» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ይሰማል፤ ይስማ።

«አጠገብሽ ያለችውን አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ። ልጅቷንም አይቻለሁ።»

«እንግዲህ እሱ ነው። ለሰዓዳ ምን ብዬ ልንገራት? ዛሬ ነገ ስል... አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ቀኑ ይረዝማል።»

«ሞቷል ብላ ሰደቃ አውጥታልሃለች።»

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረ፣ ልጅ ሳለሁ ሊይዙት ሲመጡ እንደሚያወራው። «መጣሁ። አሁን ተነስቻለሁ። የትም እንዳትሄጂ። ሰማሽኝ? የትም!»

«የምሄድበት የለኝም» አልኩት።

ስልኩን ለፋሪሃ ሰጠኋት። ድምፁን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሰደበችው፣ ሰድባ ስትጨርስ በልተሃል ወይ አለችው። ሸራው ስር ያለው ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ሚሌ ላይ መኪና የገለበጠውን ሰውዬ እየጎሸሙ ያሾፉበታል። ማሚት ወደ እኔ መጣችና «ያጎረስኩሽን መልሽ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው።

ፋሪሃ እዚያው መሬት ላይ ትንሿን ልጅ ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ቀና ብላ አየችኝ። አልወደደችኝም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልወድም።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለችኝ በቁጣ። «ዲቾቶ ሩቅ ነው። እስኪመጣ ቆመሽ ልትጠብቂ ነው?»

ተቀመጥኩ። እግሬ ግን አሁንም አላርፍ ብሏል፤ ትንሿ ልጅ ታየውና ጉልበቴን በመዳፏ ትጫነዋለች።

መሀመድአሚን አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ የተበላሸ ወሬ የሚቃናው በወሬ ነው። ጠዋት ጠይቄሽ ነበር፣ አልመለስሽልኝም። ከየት መጣሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ነገርኳቸው። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የተወለድኩበትን ሰፈር፣ እንዴት እንደያዙኝ፣ ተርሂል ውስጥ አጠገቤ የተኛችው ማን እንደነበረች፣ ቦሌ ላይ ምን እንደታዘብኩ፣ ገዋኔ ላይ ጉርሻው አልወርድ እንዳለኝ። አባቴን ሞቶ በተገኘ ብዬ የተመኘሁበት ቀን እንዳለም ነገርኳቸው። በር አልተቆለፈም፣ ቴሌቪዥን አልተከፈተም፣ ማንም ጎረቤት ጆሮ ሊጥል ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ ሁሉም ፊት ለፊት ተቀምጦ «እ» እያለ ይሰማኝ ነበር።

«ይህ ወሬ እስከ የት ይሄዳል?» አልኳቸው ስጨርስ።

«ሰው እስካለበት።»

«ጅዳም ሰው አለ።»

«እንግዲያው ጅዳም ይደርሳል።»

«አይሆንም» አልኩ። «ለእናቴ የምነግራት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ፣ ከእኔ አፍ ነው የምትሰማው። የቀረውን እርስዎ ይንገሩ።»

ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ባልሽ በሕይወት አለ ማለት የምሥራች ይሁን መርዶ፣ እስክደውልላት ድረስ አልለየሁትም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ስልካቸውን አውጥተው ቆሙ። በአፋርኛ ማውራት ጀመሩ። እንደ ጠዋቱ አንድም ቃል አልገባኝም። መጀመሪያ «ካሚል» ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ቆይተው የእኔን ስም ሲጠሩ ሰማሁ።